በኮረሪማው ሥር

ረሒማ ኮረሪማን የምታውቀው በአፍንጫዋ ነው። ጆንያው ገና ከመኪና ሳይወርድ የካምባ ይሁን የገረሴ፣ የዘንድሮ ይሁን የከረመ፣ በፀሐይ ይድረቅ በጭስ፣ ከሱቋ ደጃፍ ሳትነሳ ትነግራችኋለች። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ውስጥ የቅመማ ቅመም ሱቅ ከከፈተች ወዲህ ስንት ጆንያ በእጇ እንዳለፈ አላህ ይወቀው። ታዲያ ይህቺው ሴትዮ ኮረሪማ ሲያብብ አይታ አታውቅም ብላችሁ ታምናላችሁ? ማየቱስ ይቅር፣ አበባ ይኖረዋል ብላ አስባም አታውቅ። ለእሷ ኮረሪማ ማለት ደርቆ፣ ተጨማዶ፣ በጆንያ ታስሮ የሚወለድ ነገር ነበር።

ይህን ጉድ ያወጣችባት ሩሐማ ናት። ሩሐማ ከደብረ ብርሃን መጥታ እዚሁ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የተማረች፣ ከተመረቀችም በኋላ አገሩ ተስማምቷት የቀረች፣ በረሒማ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ልጅ ናት። ሥራ ፍለጋ ጫማዋ እስኪያልቅ ተንከራታ፣ በስተመጨረሻ ከሴቻ ቁልቁለት በታች ባለው የአገር በቀል ዕፅዋት ማሳያ ቦታ አስጎብኚ ሆና ገባች። የከተማው ሰው ይህን ሁሉ ስም መጥራት አይወድም፤ «ጋርደኑ» ብሎ ይገላገላል። እና በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት፣ ዝናቡ ጥሎ ጥሎ መሬቱ በጠገበበት ሰሞን፣ ሩሐማ ከሥራ ስትመለስ በሱቁ በኩል ዞራ መጣች።

«እትዬ ረሒማ! ኮረሪማው አበበ!»

«የቱ ኮረሪማ?»

«ጋርደን ውስጥ ያለው ነዋ! እሁድ የአበባ ቀን ነው፤ ሕዝቡ ሁሉ በነፃ ይገባል። ይምጡና ይዩት።»

«ኮረሪማ ደግሞ ምን አበባ አለው?»

ሩሐማ የሱቁን በር ተደግፋ ሳቀች። «ዕድሜ ልክዎን ሸጠውት!»

«እንግዲህ ሸጥኩት እንጂ አላገባሁት። አስተዳደጉን በምን አውቄ!» አለች ረሒማ።

«እንግዲያው እሁድ ለትውውቅ ይምጡ» ብላ ሩሐማ ወደ ቤቷ ገባች። ረሒማም «ኢንሻአላህ» አለች። የረሒማን አነጋገር የለመደ ሰው ያውቀዋል፤ እንዲህ በቀጭኑ ካለች አልመጣም ማለቷ ነው። ሱቅ ጥላ አበባ ልታይ? ሰው ምን ይላል?

ግን ሱቋን ልትዘጋ ስትነሳ ዓይኗ ሳታዝዘው ቀና አለ። ከበሩ በላይ በሚስማር ላይ አንድ ዙር ኮረሪማ ተንጠልጥሏል፤ ፍሬው አንድ በአንድ እየተበሳ በቃጫ የተሰካ፣ እንደ ትልቅ ሙስበሓ፣ እንደ ጸሎት መቁጠሪያ የተንዠረገገ። ገበያተኛ ሁሉ ያየዋል፣ ሁሉም ስንት ነው ይላል። «እሱ አይሸጥም» ትላለች። «ለምን?» ካሏት ወዲያው በርበሬ መስፈር ትጀምራለች።

ያንን የሰካችው ዓባይነሽ ናት፣ የጋሼ ወልደየሱስ ሚስት። ጋሼ ወልደየሱስ የገረሴ ሰው ናቸው። ዱሮ በበቅሎ፣ ኋላ በአይሱዙ ኮረሪማ እያወረዱ ለረሒማ ሲያስረክቡ የኖሩ ሽማግሌ። በወረዱ ቁጥር ምሳቸው ረሒማ ቤት ነበር። እሳቸው ክርስቲያን እሷ እስላም፣ ሥጋ አብረው አይበሉም፤ እሷ ግን ቆጮና አይብ አዘጋጅታ ትጠብቃቸዋለች። ከዚያ ቁጭ ብለው የስልጤ ቆጮ ይበልጣል፣ የለም የጋሞ ይበልጣል እየተባባሉ ድስቱን ባዶ ያስቀሩታል። አማርኛቸው ወንድና ሴት ለይቶ አያውቅም፤ ረሒማን ጎረምሳ እንደሚያናግሩ ሁሉ «አንተ» ነው የሚሏት። «ረሒማ፣ አንተ ዛሬ አምሮብሃል!» ሲሏት ገበያው ሁሉ ይስቃል፤ እሷም ትስቃለች፣ ደስም ይላታል።

ዓባይነሽ የቆላ ሙቀትና ወባ ስለምትፈራ ብዙም አትወርድም ነበር። ሁለቱ ሴቶች በዓይን የተያዩት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። ግን በቋጠሮ ይነጋገሩ ነበር። ዓባይነሽ ኮረሪማውን ሰክታ ስትጨርስ ቃጫውን ሁለት ጊዜ ከቋጠረችው «ደህና ነን» ማለት ነው፤ ሦስት ጊዜ ከቋጠረችው «ጨው ላኪልኝ»። አንዴ ዝም ብላ ቃጫውን ከላይ እስከ ታች ቋጥራው መጣ። ረሒማ ደንግጣ ስትጠይቅ፣ ለካ የመጀመሪያ የልጅ ልጇ ተወልዶላት ነው! ያን ዕለት ረሒማ ጨውም፣ ሻሽም፣ የሕፃን ኮፍያም ጭና ላከች።

ኋላስ? ኋላ አረፋ መጣ። አረፋ ሲደርስ ስልጤ ከያለበት ተነቅሎ ወደ አገሩ ይገባል፤ ሲቀላ ግማሹ ሱቅ ይዘጋል፣ መናኸሪያው በሰው ይጨናነቃል። ረሒማም ልጆቿን ይዛ ወደ ወራቤ ተነሳች። ዓባይነሽ የሞተችው ያኔ ነው። ረሒማ ስትመለስ ማንም አልነገራት፤ የሰማችው ሙዝ ይዞ ከመጣ የላንቴ ገበሬ ነው፣ እሱም የምታውቅ መስሎት በወሬ መሀል። እዚያው ቁጭ አለች። ነገ እሄዳለሁ አለች፤ በማግስቱ ዝናብ መንገዱን ቆረጠው። መንገዱ ሲጠገን እሷ ወባ ይዟት ተኛች። ስትነሳ አርባው አልፏል። አርባው ካለፈ በኋላ ምን ፊት ይዤ ልሂድ አለች። ከዚያማ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ።

አገራችን ሌላውን ሁሉ ይረሳል፤ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ግን አይረሳም። ጋሼ ወልደየሱስ አልሰደቧትም፣ ለሰውም አላሟት፤ ኮረሪማቸውን ለሌላ ሱቅ ማስረከብ ጀመሩ፣ ገበያ ላይ ሲተላለፉም ከራሷ በላይ ያለውን ሰማይ እያዩ ያልፋሉ። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። አራት ዓመት ሊሞላ፣ ረሒማ በሄደ ሰው ሁሉ ሰላምታ ልትልክ ታስብና መልሳ ትተወዋለች። ከአላህ የምትለምነው አንድ ነገር ቢኖር ከኚህ ሰው ጋር አንድ ጊዜ ፊት ለፊት መቀመጥ ነበር። ይሄው ነው የረሒማ ቁስል፤ ከዚያች ዙር ኮረሪማ በቀር የሚያውቅላትም አልነበረም።

እና ያን ዕለት ወደ ላይ ስታይ አንድ ነገር መጣባት። ዓባይነሽ ኮረሪማውን ሲያብብ አይታዋለች። በየዓመቱ አይታዋለች። አንድም ቀን «አበባው እንዲህ ነው» አላለቻትም፣ በቋጠሮ እንዴት ይባላል! ረሒማ ሱቋን ዘጋችና «እሁድ እሄዳለሁ» አለች፤ ይሄኛው በወፍራሙ ነበር።

እሁድ ጠዋት ልጇ ሚፍታ እናቱን ሲያይ መንገድ የምትሄድ መሰለው። አዲሱን ሻሿን አስራለች፣ የዒድ ቀሚሷን ለብሳለች። «እማዬ፣ ሰርግ አለ እንዴ?»

«አበባ ለማየት ነው የምሄደው።»

«ማን?»

«እኔ! ምን ያፈጥጥሃል? ሱቁን ጠብቅ፤ ጥቁር አዝሙዱን ከነጩ እንዳታደባልቅ» ብላ ባጃጅ ውስጥ ገባች። ሚፍታ ባጃጁ እስኪታጠፍ ድረስ ቆሞ አየ። እናቱ ያለ ለቅሶ፣ ያለ ሰርግና ያለ አረፋ ከሱቅ ስትወጣ የመጀመሪያው ነው።

የጋርደኑ በር ላይ ሰው እንደ ገበያ ፈሷል። ተማሪው፣ ባለትዳሩ፣ ሕፃን ያዘለው፣ ፎቶ አንሺው፣ የላንቴ ሙዝ በቅርጫት ይዞ የሚሸጠው፣ ሁሉም አለ። በሩ ላይ ደግሞ ዘበኛው ሸዋንዳኝ ፊሽካውን በአፉ ይዞ ቆሟል። ሸዋንዳኝ የጋሞ ደጋ፣ የቼንቻ ልጅ ነው፤ ከሰውነቱ ድምፁ ይበልጣል። «መቅጠፍ ክልክል! መንቀል ክልክል! መንካትም ክልክል! በዓይን ብቻ!» እያለ ያስገባል።

በዓይን ብቻ! ለረሒማ! ዕድሜዋን ሙሉ ዕቃ የመረጠችው በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ አሽታ፣ ወደ አፍንጫዋ ወስዳ ነው። ለቅመም ነጋዴ እጅህን እሰር ማለት ለአዝማሪ አፍህን ያዝ እንደ ማለት ነው። ግን እሺ አለች፣ እጆቿንም ከሻሿ ጫፍ ሥር ከተተቻቸው።

ሩሐማ አንድ ቡድን ሰው ሰብስባ ከፊት ከፊት ትመራለች። እንዲያው ያቺ ቤት ኪራይ ስትከፍል የምትሽኮረመመው ልጅ ናት? ድምፅዋ ጠርቷል፣ እጇ ይናገራል። ረሒማ የራሷ ልጅ እስኪመስላት ድረስ ኮራችባት፤ አጠገቧ ያለችውን የማታውቃትን ሴት ክንድ ነካ አድርጋ «እኔ ግቢ ነው የምትኖረው» አለቻት።

አበባውስ! ከበሩ ገባ እንዳሉ፣ ቅጠል ሳያወጣ ግንዱ ብቻ ከመሬት ብቅ ብሎ ጫፉ ላይ ኳስ የሚያህል ቀይ አበባ የያዘ ነገር ሜዳውን ሞልቶታል። «ሱብሓነላህ! ይሄ ደግሞ ራቁቱን ነው እንዴ የወጣው?» አለች ረሒማ፤ ሰው ሳቀ። እሬቱ ቀይ ሻማውን አብርቷል። ጠንበለሉ አጥሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተነጥፏል፣ ሽታው መንገድ ይዘጋል። ዛፉ ላይ ጉሬዛዎች ነጭ ካባቸውን አንጠልጥለው፣ እኛን ለማየት በነፃ የገቡ ይመስላሉ። ከቁልቁለቱ ወዲያ ሁለቱ ሐይቆች ይታያሉ፣ አንዱ ሰማያዊ አንዱ ቡናማ። ረሒማ ዕድሜዋን እዚህ ከተማ ኖራ ሁለቱን አንድ ላይ ቆማ አይታ አታውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ጀርባዋን ሰጥታቸው ነው ስትመዝን የኖረችው።

ወደ ቅመሙ መደብ ሲደርሱ ነገር ተበላሸ። በሶብላው ለምለም ሆኖ፣ ሐምራዊ አበባውን ደርድሮ ጠበቃት። እጇ ከሻሹ ሥር ራሱን ችሎ ወጣና አንዲት ቅጠል አሸት አደረገ።

ፊ-ር-ር-ር! «እትዬ! በዓይን!»

«ወላሂ እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም!» አለች። ቡድኑ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ትንሽ እልፍ እንዳሉ ደግሞ ጥምዝ አገኘች፤ ያ ጥቁር፣ ደረቅ፣ እንደ እንጨት የጠነከረው ጥምዝ፣ አረንጓዴ ሆኖ ሰፊ ቅጠል ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል። «አንተ ነህ? አንተው ነህ እንዲህ ወጣት የነበርከው?» ብላ ልትዳብሰው እጇን ዘረጋች። ፊ-ር-ር-ር! አሁንስ ሸዋንዳኝ ከኋላዋ መከተል ጀመረ። ጎብኚው አበባውን ትቶ የረሒማንና የዘበኛውን ጠብ ማየት ያዘ። ረሒማ ግን ልቧ ቀልሏል፤ እንዲህ ከልቧ ከሳቀች ስንት ዓመቷ!

በመጨረሻ ምንጩ ዳር፣ ትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ደረሱ። ሩሐማ ቆመችና «እትዬ ረሒማ፣ ይኸውልዎ!» አለች። ኮረሪማው ከረሒማ ራስ በላይ አድጓል፤ ረጅም፣ አረንጓዴ፣ የሚያብረቀርቅ ቅጠል ነው። ረሒማ አንጋጣ አየች። አበባ የለም። በግራ ዞረች፣ በቀኝ ዞረች። የለም።

«አላበበም እኮ!»

«አብቧል። ላይ ላዩን አይፈልጉት» አለች ሩሐማ። ልታሳያት ስትል ከበሩ በኩል አንድ አውቶቡስ ሙሉ ተማሪ መጣና ጠሯት። ቡድኑም ተከትሏት ሄደ፤ ሸዋንዳኝም ተማሪዎቹን ፈርቶ ፊሽካውን እየነፋ ወደ በሩ ሮጠ። ረሒማ ብቻዋን ከኮረሪማው ጋር ቀረች።

ላይ ካልሆነ ወዴት ነው? ግንዱን ተከትላ ዓይኗን ቁልቁል አወረደች። ሥሩን ሳር ሸፍኖታል። ጎንበስ አለች፣ አልታያትም። ወገቧ እንቢ ሲላት የዒድ ቀሚሷን ሰብስባ እርጥብ መሬት ላይ ተንበረከከች። ሳሩን ወደ ጎን ገለጥ ስታደርገው፣ መሬቱ ርሶ ነበርና አንድ ጭብጥ ሙሉ ከነአፈሩ ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። እና አየችው። ከአፈሩ ላይ፣ ከወደቁት ቅጠሎች መሀል፣ ያለ ግንድ ያለ ቅርንጫፍ፣ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ አበባ ጉሮሮው ብጫ ሆኖ አፉን ከፍቷል። አጠገቡ ሌላ። ከዚያ ወዲያ ሌላ። ሰው ካልተንበረከከ የማያየው አበባ!

«ዓባይነሽ» አለች ረሒማ በሹክሹክታ። ያቺ ሴት በየዓመቱ እንዲህ ተንበርክካ ነው ያየችው፣ እንዲህ ተንበርክካ ነው የለቀመችው። እያንዳንዱ ፍሬ ከመሬት የተነሳው በጉልበቷ ነው። ረሒማ እንባዋ መጣ፤ ደስ ይበላት ይክፋት አታውቅም፣ ሁለቱም አንድ ላይ ነበሩ።

ያኔ ከኋላዋ ኮቴ ሰማች።

ሸዋንዳኝ! እጇ ላይ የተነቀለ ሳር አለ። አሽታ ሳይሆን፣ ነክታ ሳይሆን፣ ነቅላ! አሁን ያ ፊሽካ ከተነፋ ጋርደኑ ሁሉ ተሰብስቦ ይመጣል፣ ሩሐማም ታፍራለች። ረሒማ ለመዞር እንኳን ጊዜ አላገኘችም። እንደተንበረከከች፣ የሳሩን ጭብጥ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ፣ «ይቅር በለኝ ልጄ! አጥፍቻለሁ! ሆን ብዬ አይደለም፣ በአላህ ይቅር በለኝ!» አለች።

ፊሽካ አልተነፋም። ቀስ ብላ በጉልበቷ ዞረች። መጀመሪያ ያየችው ጭቃ የያዘ የላስቲክ ጫማ ነው። ከዚያ ከዘራ። ከዚያ ከአሮጌ ኮት ሥር ቀይና ብጫ የሆነ የጋሞ ሱሪ፣ ዱንጉዛ። ከዚያ የጋሼ ወልደየሱስ ፊት።

እንግዲህ ይህን ማወቅ ያስፈልጋል፤ በጋሞ ደጋ እርጥብ ሳር ይዞ የተንበረከከን ሰው አልፎ መሄድ የለም። በደም የተፈላለገ ቢሆን፣ ጦር የተማዘዘ ቢሆን፣ ሳር ተይዞ ጉልበት መሬት ከነካ ነገሩ ይቆማል። አለማቆም ጎሜ ነው፤ ጎሜ ደግሞ ሰማይም መሬትም ይቅር የማይሉት ነውር ነው፣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ጋሼ ወልደየሱስ ከዘራቸውን ጣሉ። ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ሳሩን ተቀበሏትና በደረታቸው ያዙት።

«ተነሳ ረሒማ! ተነሳ! በእርጥብ ሳር! ተነሳ!»

ረሒማ ምን ትበል? «ለዘበኛው መስሎኝ ነው» ትበል? ከተፈጠረች ጀምሮ አፏ ላይ የመጣ ከዚህ የከፋ ቃል አልነበረም፤ ደግነቱ ዋጠችው። በምትኩ ስንት ጊዜ አዘጋጅታ ስንት ጊዜ የመለሰችው ነገር ራሱ ወጣ። «ጋሼ... ጋሼ ወልደየሱስ... እግዜር ያጽናዎት። ዓባይነሽን ሳልቀብራት... ሳልደርስ...» ሽማግሌው አቅፈው አነሷት፤ እሷ ትከሻቸው ላይ፣ እሳቸው ሻሿ ላይ፣ ሁለቱም ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

ሸዋንዳኝ የመጣው ያኔ ነው። የተነቀለውን መሬት ከሩቅ አይቶ፣ ፊሽካውን አፉ ላይ አድርጎ እየሮጠ መጣና በሽማግሌው ደረት ላይ ሳሩን አየ። የደጋ ልጅ አይደል? ፊሽካው ከአፉ ወደቀ፣ ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያም ዞር ብሎ፣ ሩሐማ የምታመጣቸውን ተማሪዎች እጁን ዘርግቶ አገዳቸው። «ቁሙ! ማንም እንዳያልፍ! ዕርቅ ነው!» ብሎ ጮኸ። ያ ሁሉ ተማሪ ቀጥ አለ። ከኋላ አንዲት ሴት ነገሩ ሳይገባት እልል አለች፤ እልልታው ከአንዷ ወደ አንዷ ተላለፈና ምንጩ ዳር ሁሉ ደመቀ። ሩሐማ አፏን በእጇ ይዛ፣ ከሱቁ በር በላይ ያለው የማይሸጥ ኮረሪማ ትዝ ብሏት ቆማለች።

ኋላ ሁለቱ ከኮረሪማው ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሸዋንዳኝ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ የላንቴ ሙዝ አቀረበላቸው፤ ፊሽካውንም ኪሱ ከተተው። ጋሼ ወልደየሱስ ስለ ልጅ ልጃቸው አወሩ፤ ያ የኮፍያው ሕፃን ትምህርት ቤት ሊገባ ነው። ረሒማ ስለ አረፋው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ወባው፣ ስለ ሐፍረቱ አንድም ሳታስቀር ተናገረች።

«አገርህ እንደ ሄድክ አውቃለሁ» አሉ ጋሼ ወልደየሱስ። «ከአረፋ ሲመለስ ይመጣል ብዬ አርባው እስኪያልፍ በር በሩን አይ ነበር። አልመጣህም። ተቆጣሁ። ሱቅ ቀየርኩ። ከቀየርኩ በኋላ ደግሞ እኔም አፈርኩ። ያ ሱቅ ቆጮ የለውም።»

ረሒማ ከእንባዋ ውስጥ ሳቀች። «የስልጤ ቆጮ ይበልጣል ማለት ነዋ!»

«የለም፣ የጋሞ ይበልጣል» አሉ ሽማግሌው፤ ነገሩ ካቆመበት ቀጠለ።

አላህ ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፤ ረሒማ ደስታዋ ሞልቶ ሊፈስ ነበር። ግን ገና ያልተናገረችው አንድ ነገር ነበር። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ማንም። ግን ዕርቅ በውሸት ላይ ይቆማል? ነገ ቢሰሙስ? ሙዙን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ እንዳይቀየሙኝ። እኔ... እርስዎ መሆንዎን አላወቅሁም። ዘበኛው መስሎኝ ነው። ሳር ነቅዬ ነበርና።»

ጋሼ ወልደየሱስ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። ቀስ በቀስ በጢማቸው ሥር ፈገግታ መጣ፣ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያ እያሳላቸው ሳቁ።

«'ልጄ' ስትለኝ አወቅኩ እኮ! እኔ ልጅህ ነኝ?»

ረሒማ ሐፍረቷ ጆሮዋ ድረስ ወጣ። «ካወቁ ታዲያ ለምን አነሱኝ?»

«ሳር ይዘሃል። ተንበርክከሃል። ይቅር በለኝ ብለሃል። ሽማግሌ ሌላ ምን ይጠብቃል? አራት ዓመት ስጠብቅ፣ መጥቶልኝ ደግሞ ለማን ነው ብዬ ልጠይቅ?»

«ግን የተንበረከክሁት ለይቅርታ አልነበረም» አለች ረሒማ፤ ከጀመረች ማቆም አልሆነላትም። «አበባውን ላይ ብዬ ነው።»

ጋሼ ወልደየሱስ መሳቁን ተዉ። አሁንም በእጃቸው ያለውን ሳር አዩት፣ ከዚያ ወደ ኮረሪማው አዩ።

«የማን አበባ መሰለህ?» አሉ።

ረሒማ አልገባትም።

«እነዚህ የጋርደን ሰዎች አገር በቀል አምጡ ሲሉን፣ እኔ ከጓሮ ይህንን ሥር ቆፍሬ አመጣሁ። ዓባይነሽ በእጁ የተከለው ነው። ሲያብብ ሲያብብ መጥቼ አያለሁ።» ሳሩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «አንተ ዛሬ ለቅሶ ደረስክ፣ ረሒማ።»

ረሒማ ከአግዳሚው ተነሳች፣ የዒድ ቀሚሷን ደግማ ሰበሰበች፣ ወደ ኮረሪማው ሄዳ ለሁለተኛ ጊዜ ተንበረከከች። አሁን የማን ደጅ እንደሆነ አውቃለች። የወደቁትን ቅጠሎች ገለጥ አድርጋ አበባውን በጣቷ ጫፍ ዳበሰችው፣ ጣቷንም ወደ አፍንጫዋ ወሰደችው። ሸዋንዳኝ ቆሞ ያያል፤ እጁን ግን ወደ ኪሱ አልሰደደም።